ክኒን ለቡቺ፣ ለውሮና ለበጉ

የኛ ቡቺ ሥጋውን ዋጥ አድርጎ የትል ክኒኑን ብቻ እንደ ሎሚ ፍሬ ለይቶ ምንጣፉ ላይ ቱፍ አለው። ነገሩ ዘዴ እንደሚፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ለውሻ ሦስት ጉርሻ አዘጋጁ። ጉበት ወይም ቀይ ሥጋ ቀቀል አድርጉና ሳይታኘክ በሚዋጥ መጠን ቁረጡት። ክኒኑን ሁለተኛው ውስጥ ብቻ ወሽቁ። መጀመሪያ ባዶውን ስጡት፣ ያምናችኋል። ሁለተኛውን ስታጎርሱት ሦስተኛው አፍንጫው ሥር ይሁን፤ እሱን ለመቀበል ሲጣደፍ ክኒኑን ሳያላምጥ ይውጠዋል። ክኒን በነካችሁበት እጅ ሌላውን ጉርሻ አትንኩ፣ ሽታው ያጋልጣችኋል። ደግሞ በወጥ አታባብሉት! ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሳል።

ድመት ሌላ ጣጣ ናት። በፎጣ ጥቅልል አድርጓት፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይውጣ። ከላይ በኩል ጉንጮቿን ያዝ አድርጋችሁ ቀና ስታደርጓት የታችኛው መንጋጋዋ ይላላል፣ ያኔ ክኒኑን ወደ ኋላ ምላሷ መነሻ ላይ ጣል ነው። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ በጉንጯና በጥርሷ መሃል ቀስ እያላችሁ ስጧት። ይቺን ውሃ ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ክኒን በተለይ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ በደረቁ ተውጦ መንገድ ላይ ከቀረ ጉሮሮዋን ያቆስላል። ፈጭቼ ልስጥ ካላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ተፈጭቶ የማይሰጥ መድኃኒት አለ፣ መራራ ከሆነም አረፋ ስትደፍቅ ትውላለች። የቤት ፓራሲታሞል ግን ለድመት በፍጹም፣ ይገድላታል።

በግ ፈሳሽ መድኃኒት ስትግቱ ትልቁ ስህተት አንገቱን ወደ ሰማይ መቀልበስ ነው። እንደዚያ የተጋተ መድኃኒት ሳንባ ይገባል፣ በጉም በትል ፈንታ በሳንባ ምች ይሞታል። አፍንጫው ከዓይኑ ከፍ አይበል። ከንፈሩ ጥግ ላይ ጥርስ የሌለበት ክፍተት አለ፣ የጠርሙሱን አፍ በዚያ አስገቡ፤ ፕላስቲክ ይሁን፣ ብርጭቆ ከነከሰው ይሰበራል። ትንሽ ታፈሳላችሁ፣ እስኪውጥ ትጠብቃላችሁ፣ ደግሞ ትንሽ። ያረገዘች በግ ከሆነች አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ በተለይ በመጀመሪያው ወር። ስትግቱት በመሃል በጉ ካሳለ ወዲያው ልቀቁት፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ያድርግ፤ ሲረጋጋ ትቀጥላላችሁ።