የስስ መቀሶች ጫፍ መጣመም እንዴት ቆመ

ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም ከሚገድለው ማሽን) የሚወጡት ስስ የቀዶ ሕክምና መቀሶችና ፎርሴፕሶች (መቆንጠጫዎች) በማጉያ መነጽር ሲታዩ ሁለቱ ጫፎቻቸው አይገጥሙም ነበር። የአርተሪ ፎርሴፕሶቹ (የደም ሥር መቆንጠጫዎቹ) መጋጠሚያ ላይም ቡናማ ነጥብ ብቅ ብሏል።

መጀመሪያ ጫፉን በጎዝ መጠቅለል ተሞከረ። ጎዙ ጥርሱ መሐል ክር ይተዋል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ነጥቡ ጭራሽ ባሰበት። ቀጥሎ የግሉኮስ ቱቦ ቆርጦ ማልበስ መጣ። ጫፉን ጠበቀ፣ ግን ጥብቅ ቱቦ እንፋሎት አያስገባም፤ ከመጣመሙ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራል።

የሠራው እንዲህ ነው፦ ትሪው ግርጌ ላይ ቀዳዳ ያለው የሲሊኮን ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) እና ሌላ ከባድ ዕቃ ለብቻው፣ ስሱ በራሱ ትሪ። ጫፉ ላይ እንፋሎት የሚያሳልፍ መከለያ ላላ ብሎ ይገባል። የፎርሴፕሱ መቆለፊያ ክፍት ይሁን፤ ተቆልፎ 134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከገባ ብረቱ ሲሰፋ መጋጠሚያው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቡናማው ነጥብ ግን ከትሪው አልነበረም፣ ከሳላይን (ከጨው ውሃ) ነው። ጨው ስቴንለስ ስቲልንም ይበላል። ኦፕራሲዮን ላይ በስቴራይል (ከጀርም በጸዳ) ውሃ መጥረግ፣ ሲያልቅ መጋጠሚያውን ከፍቶ በገለልተኛ (አሲድም አልካሊም ባልሆነ) ሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በውሃ የሚሟሟ የመሣሪያ ቅባት። የማሽን ዘይት አይሆንም፤ እንፋሎቱን ያግዳል።