ወለቃን በግማሽ ቀን ለማወቅ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ወለቃን ያገኛሉ። ባጃጅ አለ፤ እኔ ግን በማለዳ በእግር መሄድን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ አሮጌውን ምኩራብና የመቃብር ቦታውን ይዩ። ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላው ሥራ ግን አልተቋረጠም። ሠሪዋ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ጭቃውን በመዳፏ ስታሽ፣ የዕቃውን ከንፈር በእርጥብ ጣቷ ስታስተካክል ይመልከቱ። ወዲያው ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው አልልም፤ ጨዋታውን ግን ይገድለዋል።

ስለ ድሮው ነገር የሚጠይቁት ሽማግሌ ሲያገኙ «በስንት ዓመተ ምህረት?» አይበሉ። እኔ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ደብተር አውጥቼ አንድ አባት «ለቀረጥ ነው እንዴ?» ብለው ዝም አሉኝ። «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ። «በጣሊያን ጊዜ» ካሉዎት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ማለታቸው ነው፤ ሌላውን ራስዎ ያሰላሉ።

የሸክላ ምስል ከገዙ በጭድ ያስጠቅልሉት። የእኔ አንበሳ አዘዞ ሳይደርስ ጅራቱ ተሰብሯል።