እንሰት መርጦ መጣልና ቆጮ መቅበር

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባሉት የሲዳማ ወረዳዎች የእንሰት ችግኝ አፍልቶ የሚተክለው በአብዛኛው ወንዱ ነው። የትኛው ተክል መቼ እንደሚጣል (ለምግብ ተቆርጦ እንደሚወድቅ)፣ ምን ያህሉ ለቤት፣ ምን ያህሉ ለገበያ እንደሚሆን ግን ማሳውን በየዕለቱ የምታየው ሴቷ ታውቃለች። መፋቁም መቅበሩም የእሷ ነው። ቆጮ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ነው፦ ከምርጫው ወይም ከጉድጓዱ።

እንሰት የሚደርስበት ዕድሜ በአየሩ ይለያያል። ሞቅ ባለው ቆላማ ወገን ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲበቃው፣ እንደ ሁላ ባለው ብርዳም ደጋ 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ምልክቱ አበባው ነው። እምቡጡ ከመሃል ብቅ ሲል ተክሉ ስታርቹን ሞልቷል፤ ያኔ ጣሉት። ፍሬ እስኪይዝ ከቆየ ያጠራቀመውን ለፍሬው ይሰጠዋል። ለጋውን መጣልም ኪሳራ ነው፤ ውሃው ይበዛል፣ ቡላው ያንሳል።

ከመጣላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የመሃሉን ቅጠል እዩ። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ከተጠማዘዘና ከጠወለገ፣ የቅጠሉ አንገት ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ካወጣ አጠውልግ የተባለው በሽታ ገብቶበታል። እንዲህ ያለው ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ተቆራርጦ፣ ከማሳው ርቆ በጥልቀት ይቀበራል። ለከብት አይሰጥም፤ ቅጠሉም ለዕቃ መጠቅለያ ገበያ አይሄድም። ቢላዋውና ገጀራው ወደ ሌላ ተክል ከመሻገሩ በፊት ለእጅ እስከማይቻል ድረስ በእሳት ይለብለብ። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚያሻግረው መሣሪያ ነው፤ ይህን በስንፍና የሚዘል ሰው የማሳውን ግማሽ ሊያጣ ይችላል።

የተጣለው ተክል ቅጠሉ ይመለመላል። ሰፋፊውንና ያልተቀደደውን ኮባ ለጉድጓዱ ለብቻ አኑሩ። ከዚያ የግንዱ ሽፋኖች አንድ በአንድ ይላጣሉ። ሳንቃው በቆመ እንሰት ላይ ዘንበል ብሎ ይደገፋል። ፋቂዋ መሬት ተቀምጣ የሽፋኑን ጫፍ በተረከዟ ከሳንቃው ጋር ታጣብቅና በሁለት እጇ በያዘችው የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። የቀርከሃው ጠርዝ ላይ አትቸኩሉ። ከልክ በላይ ከሰላ ቃጫውን ይቆርጠዋል፤ ቆጮው ቃጫ ይበዛበታል፣ ቃጫውም ለገመድ አይሆንም። ከደነዘ ደግሞ ከቃጫው ጋር ምግብ ይጣላል። በደንብ የተፋቀ ቃጫ በጣት ሲሳብ ነጭ ነው፣ የተጣበቀ ነገር አይዝም። አምቾው፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለው ወፍራም ሥሩ፣ በጥርሳም መፋቂያ ደቅቆ ከተፋቀው ጋር ይቀላቀላል።

ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ኮባ በለበሰ ትንሽ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ሲረጋ ውሃው ከላይ ይቀዳል፤ ከሥር የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ነው። ቡላ ከቆጮ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ አጥብቆ መጭመቅ ያጓጓል። ያ ስታርች ግን ከቆጮው የወጣ ነው፤ እስኪደርቅ የተጨመቀ ቆጮ ይሻክራል፣ ምጣድ ላይም ይፈረካከሳል። ለቤት ከሆነ ቀለል አድርጋችሁ ጭመቁ።

ጉድጓዱ ውሃ በማይተኛበት፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቆፈር። ልኩ በሚቀበረው ልክ ይሁን፤ ትርፍ ባዶ ቦታ አየር ነው። ኮባውን እሳት ብታሳዩት ይለዝባል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ድርብርብ አድርጋችሁ አልብሱት፤ ጫፉ ከጉድጓዱ አፍ ተርፎ ላዩን የሚከድን ይሁን። የተፋቀው ከአሮጌ ቆጮ በተወሰደ እርሾ ይታሻል፣ በትንሽ በትንሹ እየገባ ይጠቀጠቃል፣ ይከደናል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ቆጮን የሚያብላሉትና የሚያኮመጥጡት ተዋህስያን ያለ አየር ይሠራሉ፤ የሚፈጥሩት አሲድም የሚያበሰብሱትን ያግዳል። ሻጋታ ግን አየር ካላገኘ አይኖርም።

በሞቃት ቦታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለምግብ ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ወራት ይወስዳል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ የሚታሰብ ከሆነ ደገኛዋ ቀደም ብላ መቅበር አለባት። በየመሃሉ ተከፍቶ ያረጀው ኮባ ይለወጣል፣ ቆጮው እንደገና ተጠቅጥቆ ይከደናል። ደህና ቆጮ ሽታው ኮምጠጥ ያለ፣ መልኩ ነጣ ያለ ነው። ላዩ ላይ ብቻ ሻጋታ ካያችሁ አየር የገባው በክዳኑ በኩል ነው፤ የሻገተውን ከነዙሪያው ወፈር አድርጋችሁ አንሱና ኮባውን ቀይሩ። ከሥር ላልቶ የሚከረፋ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ያ አይድንም፣ ይጣል።

የተጣለው ተክል ቦታ ባዶ አይክረም። ዝናብ ሲገባ ከችግኝ መደብ ጠንካራው ተመርጦ ይተከልበት፣ ፍግም ይጨመርለት። በአጠውልግ የተነቀለ ከሆነ ግን ቦታውን ለጎመን ወይም ለበቆሎ ስጡት፤ ቢያንስ አንድ ዓመት እንሰት አይመለስበት።