ቴስታታ ከመቀየሩ በፊትና ሲቀየር፦ የቶዮታ ኮሮላ ሞተር ችግርና መፍትሔ

በጋራዦቻችን ቴስታታ የሚባለው ክፍል፣ በመጽሐፍ ስሙ ሲሊንደር ሄድ፣ በሞተሩ ብሎክ ላይ ተቀምጦ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድን፣ የአየርና የጭስ መተላለፊያ በሮች የሆኑትን ቫልቮችና እነርሱን የሚከፍቱትን ካምሻፍቶች የሚሸከም፣ ውሃና ዘይትም በየራሳቸው መንገድ በውስጡ የሚያልፉበት የአሉሚኒየም አካል ነው። በእርሱና በብሎኩ መካከል የሚገባው ስስ ጋስኬት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ውሃውንና ዘይቱን ለያይቶ ይይዛል። ከዚህ በታች የምጽፈው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በብዙ ኮሮላዎች ላይ ስለተገጠመው ባለ 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ነው፤ ባለ 1.5 ሊትሩ ወንድሙ 5ኤ-ኤፍኢም በአሠራሩ ከእርሱ ብዙም አይርቅም። የምርመራው ሥርዓት ለሌሎች የቤንዚን ሞተሮችም ይሠራል፤ ልኮቹን ግን ከየሞተሩ የጥገና መጽሐፍ መውሰድ ያስፈልጋል።

አስቀድሜ ማሳሰብ የምፈልገው፣ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ብልሽት ውጤት መሆኑን ነው። ሞተሩን ያጋለው ነገር ሳይታወቅ አዲስ ቴስታታ ቢገጠም፣ አዲሱም እንደ ቀድሞው ይጣመማል። በስምንት ወር ውስጥ ቴስታታው ሁለት ጊዜ የተላገ፣ ማለትም ፊቱ በማሽን ተፍቆ የተስተካከለ፣ ኮሮላ ደርሶኝ፣ በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት የላስቲክ ማተሚያው የደረቀ የራዲያተር ክዳን ነበር። ባለቤቱ ለሁለት ጊዜ ሥራ ያወጣው ገንዘብ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ውሃ ይጎድላል፣ የሚፈስበት ግን አይታይም

ውሃ በየሳምንቱ የሚጨመርለት መኪና ሁሉ ቴስታታው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ጎኖች፣ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ፣ የውሃ ፓምፑን ሥርና በዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የማሞቂያ ራዲያተር ይመርምሩ፤ በተሳፋሪው እግር በኩል ምንጣፉ ከረጠበ ጥፋቱ በአብዛኛው ከዚያ ነው። በውጭ ምንም ካልተገኘ፣ በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ በክዳኑ ልክ ግፊት መስጠትና መለኪያው ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ይገባል። በውጭ ጠብታ ሳይታይ ግፊቱ ከወረደ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ መመልከት ነው። ሦስቱ ጠቆር ወይም ቡናማ ብለው አንደኛው በውሃ እንደታጠበ ነጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ውሃው የሚገባው በዚያ ሲሊንደር በኩል ነው።

ነጭ ጭስ

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት የቃጠሎው እርጥበት ነውና ሞተሩ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ እየወፈረ የሚቀጥልና አንቲፍሪዝ ያለበት ከሆነ ጣፋጭ ሽታ የሚሰጥ ጭስ ግን ውሃ እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ የሚቃጠል ዘይት ስለሆነ ምክንያቱ የቫልቭ ጎሚኒ ወይም የፒስተን ቀለበት ነው እንጂ ቴስታታ ለመቀየር የሚያበቃ አይደለም። ከቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት ወርዶ የሞተሩን ጎን የሚያርሰው ዘይትም እንዲሁ በአንድ ርካሽ ጋስኬት የሚፈታ ነው።

ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጣ ያለ አረፋ ቢታይ ወዲያው መደንገጥ አያስፈልግም፤ በቀን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ በውስጡ እርጥበት ይጠራቀማል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ሲያዩ ዘይቱ ራሱ ማኪያቶ መስሎ ከወፈረና ከፍታውም ከልኩ በላይ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ለአንድ ኪሎ ሜትርም ቢሆን ማስኬድ አይገባም፣ ምክንያቱም ውሃ የተቀላቀለበት ዘይት ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸውን ብሮንዞች ስለማይጠብቅ በቴስታታ ሊያበቃ የሚችለው ወጪ ወደ ሙሉ ሞተር ይሸጋገራል። መኪናው ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ሞተሩ ይፈላል፣ የራዲያተሩም ቱቦ ይደነድናል

ለእኛ አገር አሽከርካሪ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው የዚህ ሞተር ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ቴርሞስታቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል። ደህናው የኮሮላ ክዳን ከ74 እስከ 103 ኪሎፓስካል ግፊት ስለሚይዝ፣ በዚሁ ከፍታ ላይ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። በቆላ ከተማ ምንም ምልክት ያላሳየ የላላ ክዳን በደጋ ዳገት ላይ ሞተር የሚያፈላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአባይ በረሃ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ለሚወጣ መኪናም ትልቁ ፈተና ዳገቱ ማብቂያ አጠገብ የሚመጣው፣ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የመፍያው ነጥብ አብሮ ስለሚወርድ ነው።

እንግዲህ የሚፈላ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመረው ክዳኑ ነው፤ ከዚያ ፋኑ በሰዓቱ መነሳቱ፣ ቀጥሎም ራዲያተሩ በውስጥ በዝገትና በጨው፣ በውጭ በአቧራና በነፍሳት አለመደፈኑ ይታያል። ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ በቴርሞሜትር እያዩ ማፍላት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። «የእኛ አገር ሙቅ ነው» ተብሎ ቴርሞስታትን አውልቆ መጣል የተለመደ ቢሆንም ፈጽሞ የማልስማማበት አሠራር ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ እርሱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም የሚፈላ ከሆነ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው መግባቱን መጠርጠር ይገባል። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ አንዱ ምልክት ነው። በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ ደግሞ ሌላው ነው። ለእርግጠኛነት በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ ሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ አለ፤ የቤንዚን ሞተር የቃጠሎ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሞተሩ እንደ ጋለ ክዳኑን መክፈት ሰውን ክፉኛ ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ደህናውን ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል። መኪናውን አቁሞ፣ ቦኔቱን ከፍቶ፣ ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው።

ሞተሩ በሦስት ይሠራል

ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ እየተርገበገበ በሦስት ሲሊንደር የሚሠራና ቆይቶ የሚስተካከል ሞተር፣ ሌሊቱን ጥቂት ውሃ ወደ አንዱ ሲሊንደር አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚርገበገብ ከሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ምን ያህል እንደሚታመቅ የሚያሳየው የኮምፕሬሽን መለኪያ ይገጠማል። በጥገና መጽሐፉ የ4ኤ-ኤፍኢ መደበኛ ልክ 13.5 ኪሎግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው 10፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነትም 1 ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ግን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር እዚህ 10 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ይህንን ያላገናዘበ መካኒክ ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ እንዳይፈርድበት እሰጋለሁ። ስለዚህ በደጋ የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ወርደው ከተገኙ፣ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት መቃጠሉ የታወቀ ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ የቀለበት ነው፤ እዚያው ከቀረ የቫልቭ ወይም የቴስታታ ነው።

ማውረድና መፍረድ

ቴስታታው የሚፈታው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ካምሻፍቶቹን ቀጥ አድርጎ የማንሳት ጉዳይ ነው። ካምሻፍቱ ወደ ጎን የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ጠባብ ስለሆነ አንደኛው ጫፍ ቀድሞ ከተነሳ የሚደገፍበትን የቴስታታ ክፍል ይሰነጥቀዋል፤ በዚህ መንገድ ለጋስኬት ብቻ የወረደ ደህና ቴስታታ በመካኒኩ እጅ ይበላሻል። አሥሩ የቴስታታ ብሎኖች ከዳር ወደ መሃል፣ በየተራ ጥቂት በጥቂት ይላላሉ።

የወረደው ቴስታታ በእንጨት ላይ ይቀመጥና ፊቱ ይጸዳል። በሚሽከረከር ብራሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አሉሚኒየሙን ስለሚጎደጉድና ብናኙ በዘይት መንገድ ስለሚገባ፣ የላስቲክ ወይም የእንጨት መፋቂያ ይበቃል። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ አቅጣጫ ተጋድሞ፣ በሥሩ የክፍተት መለኪያ ምላጭ ይገባል። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የብሎኩም ፊት በዚያው ይለካል፤ ብዙዎች ይህን ያልፉታል፣ በጠማማ ብሎክ ላይ የተገጠመ ቀጥ ያለ ቴስታታም ጋስኬቱን እንደገና ያቃጥላል።

በጥቂቱ የተጣመመ ቶርኖ ቤት ይላጋል። ስንጥቅ መኖሩ ግን በዓይን አይፈረድም፤ ቴስታታው በሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ በአየር ግፊት ይፈተን። ይህንን ፈተና ሳያደርጉ «ልገነው ብቻ እንግጠመው» ማለት የባለ መኪናውን ገንዘብ መጫወቻ ማድረግ ነው። ስንጥቁ በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ከሆነ ብየዳ ብዙም ስለማልተማመንበት መቀየሩን እመርጣለሁ። ያገለገለ ቴስታታ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መጣመሙን ያስለካ፣ በግፊትም ያስፈትን፤ የካምሻፍት መያዣ ክዳኖቹም አብረው መምጣታቸውን ያረጋግጥ። ክዳኖቹ ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ የተበሱ ስለሆኑ ከሌላው ተወስደው ቢገጠሙ ካምሻፍቱ ይያዛል።

መግጠም

በብሎኩ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ውሃና ዘይት እንዳይቀርባቸው በአየር ይነፉ፣ ምክንያቱም በቀዳዳው ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ብሎኑ ሲጠብቅ መሄጃ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጋስኬቱ ማጣበቂያ ሳይቀባ ደረቁን፣ ቀዳዳዎቹ በብሎኩ ካሉት ጋር ተገጣጥመው ይቀመጣል። የብሎኖቹ ጥርስና ከራሳቸው ሥር ያለው ክፍል ስስ የሞተር ዘይት ይቀባሉ። ርዝመታቸውም ሁለት ዓይነት ነው፤ በአየር ማስገቢያው በኩል ያሉት 90፣ በጭስ ማውጫው በኩል ያሉት 108 ሚሊ ሜትር ናቸው። የተሳበ ወይም ጥርሱ የተበላሸ ብሎን አይመለስም።

ማጥበቁ ከመሃል ወደ ዳር ነው። በመጀመሪያ ሁሉም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ እስከ 29 ኒውተን ሜትር በየተራ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ በፊት ለፊቱ አቅጣጫ የቀለም ነጥብ ይደረግና በቅደም ተከተሉ 90 ዲግሪ ይዞራሉ፤ ከዚያም እንደገና 90 ዲግሪ። ሲጨርሱ ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ኋላ መዞር አለባቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ቢያይ ያ ብሎን አንድ የ90 ዲግሪ ዙር ቀርቶበታል። ይህ ሥራ በእጅ ግምት አይሠራም። የካምሻፍት ክዳኖቹ በ13 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠብቃሉ። ክራንክሻፍቱን ከካምሻፍቱ ጋር አገናኝቶ የሚያዞረው የታይሚንግ ቀበቶ በምልክቶቹ ላይ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ይዞርና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸው ይታያል፤ የቫልቭ ክፍተቱም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይለካል።

መጀመሪያ ሲነሳ

ዘይቱና ፊልትሮው አዲስ ይሁኑ፤ ቀድሞ ውሃ ገብቶበት ከነበረ ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ እንደገና ይቀየሩ። በራዲያተሩ የሚሞላው ንጹሕ ውሃና አንቲፍሪዝ ድብልቅ ነው፤ አንቲፍሪዝ ለበረዶ አገር ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ቢኖርም፣ አሉሚኒየሙን ከዝገት የሚጠብቅና የመፍያውን ነጥብ ከፍ የሚያደርግ ስለሆነ ለደጋችንም ያስፈልጋል። የመኪናው ማሞቂያ በሙሉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ክዳኑ ሳይዘጋ በዝግታ እየሠራ፣ የታሰረው አየር እስኪወጣ ውሃው እየተሞላ ይቆይ። ፋኑ ተነስቶ እስኪቆም ድረስ ሁለት ጊዜ ሳይጠበቅ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ። በተከታዮቹ ሦስት ጠዋቶች፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የውሃው ከፍታ ይታይ፣ የላይኛው ቱቦም ይጨበጥ፤ ውሃው ከምልክቱ ካልወረደና ቱቦው ለስላሳ ሆኖ ካደረ መኪናው ረጅም መንገድ መውጣት ይችላል።