ቃል አትሰንጥቁ፦ የቃላትን ምንጭ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

የቃላት ምንጭ ፍቅር የያዘኝ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዬ ተበላሽታ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ መካኒኩ ረዳቱን «ካቻቢቴውን አቀብለኝ፣ ካንዴላውን ልፍታው» አለው። ሁለቱም ጣሊያንኛ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማም ነው። በእጁ የያዛትን ጥቁር፣ በግራሶ የተለወሰች ነገር አየኋትና «ሻማ!» አልኩ በሆዴ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ደስታ ሁሉም ሰው ቢቀምሰው ደስ ይለኛል። ግን አንዳንድ ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት አቃተኝ።

ዋናው ስህተት ቃል መሰንጠቅ ነው፤ አንዱን ቃል ከፍሎ ከክፋዮቹ ታሪክ መፍጠር። አንድ ጊዜ ቡና ላይ አንድ ወጣት ስለ ካዛንቺስ አወራን። ካሳ የሚባል ለጋስ ሰው ነበረ፣ ላገኛት ሴት ሁሉ «እንቺስ» እያለ ይሰጥ ነበር፣ የሰፈሩም ስም ከዚያ መጣ አለን። ሰው ሳቀ፣ ወደደው፣ አመነውም። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ካዛ በጣሊያንኛ ቤት ነው። ኢንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምህፃረ ቃል ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ለሠራተኞቹ የተሠሩት ቤቶች ናቸው ለሰፈሩ ስም የሰጡት። ስሙ ራሱ የወረራው ምስክር ነው ማለት ነው። ተረቱ ሲመጣ ምስክሩ ይጠፋል። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ለምን እንደምንሰነጥቅ ይገባኛል። ቅኔ ያሳደገን ሕዝብ ነን። ቃል ከፍሎ ኅብር፣ ማለትም ድርብ ትርጉም፣ ማውጣት ጥበብ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ባለቅኔው «ቃሉ የተወለደው ከዚህ ነው» አይልም። እናንተም አትበሉ። ታሪኩ በጣም ከጣማችሁ ያኔ ቆም በሉ። ቃሉ መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ ተነገረ? በማን በኩል መጣ? ይህን ሳትመልሱ ለሰው አታውሩት።

እኔም ጥፋተኛ ነኝ። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ ነው የመጣው ብዬ ለዓመታት ለእንግዳ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ቡናው የኛ ነው፣ እሱ አያከራክርም። ቃሉ ግን የሚታወቅ መንገድ አለው፤ ከዐረብኛው ቃህዋ ወደ ቱርክኛው ካህቬ፣ ከዚያ በደች በኩል ወደ እንግሊዝኛ። ቃህዋ ከከፋ ለመምጣቱ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ከፋዎች ራሳቸው ቡናን «ቡኖ» ነው የሚሉት። ይህን ሳነብ በጣም ከፋኝ። አሁን ግን የቃሉ ጉዞ ከድሮው ታሪክ የበለጠ ይጥመኛል።

ድምፅ ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው አትበሉ። ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው «ለገ» ኦሮምኛ ነው፣ ወንዝ ማለት። ለገሃርስ? እሱ ፈረንሳይኛ ነው፦ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። ሦስቱ ስሞች አንድ ታክሲ ተራ ላይ ጎን ለጎን ሲጠሩ ወንድማማች ይመስላሉ።

ፊደል አትናቁ። በግእዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ለፀሐይ። ሰረቀ ደግሞ ሌብነት ነው። ምሥራቅ የፀሐይ መውጫ የሆነው በንጉሡ ሠ ነው። ፊደሉ ከተምታታ ምሥራቅ የሌባ አገር ሆኖ ቁጭ ይላል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት የምትገልጡም ምሥራቅን በመ አትፈልጉት፣ ያለው በግሡ በሠረቀ ሥር ነው። የፊደሉም ቅደም ተከተል በሀለሐመ ሳይሆን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው በአበገደ ነው።

ከባዕድ የመጣውን ቃል ብቻ ማሳደድም ብዙ ነገር ያስቀርብናል። ሳምንቱን ሙሉ የምንጠራቸውን ቀኖች እስኪ እዩ። እሑድ አንድ፣ ሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት ነው። ማክሰኞ የሰኞ ማግስት ነው። ሰባተኛዋ ቀን ግን ቅዳሜ ትባላለች፣ የመጀመሪያ! ለምን? ሰንበት ሁለት ስለሆነች። ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ሰንበት ትቀድማለች። ይህን ያወቅኩ ቀን ቤት ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነገርኩ።

የድሮ ትርጉም ይዛችሁ ደግሞ ሰው አታርሙ። ሲኒ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ የቻይና ማለት ነው፣ የሸክላውን ዕቃ ለመጥራት። ታዲያ አገር ውስጥ የተሠራው ሲኒ ሲኒ አይደለም ሊባል ነው? ጠረጴዛም የግሪክ ቃል ነው። ዛሬ አቴንስ ሄዳችሁ «ትራፔዛ» ብትሉ ባንክ ያሳዩአችኋል። ቃል ይሄዳል፣ ይለወጣል፤ ደስታውም እዚያ ነው።

የመጨረሻው ስህተት፣ ሲጠየቁ ቶሎ መመለስ ነው። በቀደም ልጄ ብርቱካን እየላጠች ስሙ ከየት መጣ አለችኝ። ይህን አውቀዋለሁ፦ ዐረቦች «ቡርቱቃል» ይሉታል፣ ከፖርቱጋል ስም ነው፣ ጣፋጩን ብርቱካን ፖርቱጋሎች በመርከብ ስላመጡት። በሁለት እጇ ፍሬውን ለሁለት ገመሰችና «መንደሪንስ አባዬ?» አለችኝ። አፌ ላይ አንድ ነገር መጥቶልኝ ነበር። ዋጥኩትና «ቆይ፣ አብረን እንፈልገው» ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።