የብራንች ታሪክን በጊት ሪቤዝ እንዴት ማጽዳት ይቻላል

ጊት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ ሪቤዝ ደግሞ ያንን ታሪክ እንደገና የሚያደራጅ ትዕዛዙ ነው። ሥራዎ ወደ ዋናው ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ከመቀላቀሉ በፊት «ማስተካከያ»፣ «እንደገና ማስተካከያ» የሚሉትን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ቢያጸዱ ኮዱን የሚገመግመው ሰው በእጅጉ ይቀለዋል። ትዕዛዞቹን እዚህ እንደ አነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

ጊት ነባር ኮሚትን አያርምም፤ አዲስ ይሠራል እንጂ። የኮሚቱ ሃሽ (መለያው) የወላጁን፣ ማለትም ከእሱ በፊት ያለውን ኮሚት ሃሽ ጨምሮ ስለሚሰላ፣ አንዱን ኮሚት ሲነኩ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቀየራሉ። ሌሎች ሥራቸውን የመሠረቱበትን ብራንች አይንኩ የምንለው ለዚህ ነው።

1. በ«ጊት ስታተስ» ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ አለመኖሩን ያረጋግጡና «ጊት ብራንች ባክአፕ» ብለው መጠባበቂያ ይያዙ። ይህን አይዝለሉት።

2. «ጊት ሪቤዝ --ኢንተራክቲቭ ሄድ~4» ይበሉ። የመጨረሻዎቹ 4 ኮሚቶች ኤዲተር ውስጥ ይከፈታሉ። ከጊት ሎግ (የኮሚቶች ዝርዝር ከሚያሳየው ትዕዛዝ) በተቃራኒ አሮጌው ኮሚት ከላይ ነው።

3. በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን «ፒክ» (ኮሚቱን እንዳለ ማቆየት) እንደ ፍላጎትዎ ይቀይሩ፦

ፒክ 4071835 የመግቢያ ገጽ
ፊክስአፕ 9920416 የፊደል ግድፈት
ሪወርድ 1358702 ማስተካከያ
ፒክ 6604129 የይለፍ ቃል ፍተሻ

«ፊክስአፕ» ኮሚቱን ከበላዩ ካለው ጋር አዋህዶ መልእክቱን ይጥላል፤ «ስኳሽ» ሁለቱንም መልእክቶች ያቆያል። ከላዩ የሚዋሃደው ስለሌለ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሁለቱም አይሠሩም። «ሪወርድ» መልእክቱን ብቻ ይቀይራል። መስመር መሰረዝ ኮሚቱን ከነለውጡ መጣል ነው፤ ስለዚህ ጠንቀቅ ይበሉ።

4. ግጭት ከተፈጠረ (ጊት ለውጦቹን በራሱ ማዋሃድ ካልቻለ) ፋይሉን አስተካክለው «ጊት አድ»፣ ከዚያ «ጊት ሪቤዝ --ኮንቲኒው»። የሚጋጩትን ሁለት ወገኖች የሚለዩት «አወርስ» (የእኛ) እና «ዜርስ» (የእነሱ) እዚህ ከመርጅ (ብራንቾችን ከማዋሃድ) አንጻር ተገላቢጦሽ ናቸው፦ «ዜርስ» የሚባለው የእርስዎ ኮሚት ነው። ነገሩ ከተወሳሰበ «ጊት ሪቤዝ --አቦርት» ወደነበረበት ይመልስዎታል።

5. «ጊት ዲፍ ባክአፕ» ይበሉ። ኮሚቶችን ያዋሃዱት ወይም መልእክት የቀየሩት ብቻ ከሆነ ምንም ልዩነት መታየት የለበትም። ከታየ ኮድ ጠፍቷል ወይም ተቀይሯል ማለት ነው፤ ፑሽ ከማድረግዎ (ወደ ሰርቨር ከመላክዎ) በፊት ይመርምሩት።

6. ብራንቹ ቀድሞ ፑሽ ተደርጎ ከሆነ «ጊት ፑሽ --ፎርስ-ዊዝ-ሊስ» ይጠቀሙ። ሌላ ሰው በመሃል ኮሚት አስገብቶ ከሆነ ፑሹን ይከለክላል፤ ተራው «--ፎርስ» ግን ያንን ሥራ ደፍጥጦ ያልፋል። ነገር ግን ኤዲተርዎ ከጀርባ በራሱ ፌች የሚያደርግ (አዲስ ለውጥ ከሰርቨር የሚያመጣ) ከሆነ ይህ ጥበቃ ሊከሽፍ ይችላል።

ስህተት ከተፈጠረ «ጊት ሪሴት --ሃርድ ባክአፕ» ሁሉንም ይመልሳል፤ ኮሚት ያልተደረገውን ግን ያጠፋል። መጠባበቂያ ካልያዙ ብራንቹ ቀደም ሲል የነበረበትን ቦታ በሚመዘግበው «ጊት ሪፍሎግ» የቀድሞውን ሃሽ ይፈልጉ፤ ከብራንቹ ውጭ የቀሩ ኮሚቶች መዝገብ በመደበኛው ቅንብር ለ30 ቀናት ይቆያል።