የአያቶቻችንን ባና ስናጥብ የምንሠራቸው ስህተቶች

መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር ባና የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ሌሊት ይለበሳል፤ ቀን መደብ ላይ ይነጠፋል። ሴቶች ፈትለውት፣ ሸማኔ ሠርቶት፣ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። እኔ የእናቴን ባና ያበላሸሁት በአንድ ከሰዓት ነው። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሙቅ ውሃ። ዘፈዘፍኩት፣ በደንብ ፈተግኩት። ሲደርቅ ጠቦ፣ ጠንክሮ ቀረ። የበግ ፀጉር ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቀትና ፍትጊያ ሲያገኘው እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ከዚያ በኋላ መልሶ አይላቀቅም። እናቴ ግን ወንዝ ወርዳ በቀዝቃዛ ውሃ ነበር የምታጥበው። በእግሯ ቀስ እያለች ትረግጠዋለች እንጂ በእጅ አትፈትገውም።

በረኪናና ኃይለኛ ሳሙና። በረኪና የበግ ፀጉርን ያሟሟዋል፤ ጨርሶ አያስጠጉት። የአመድ ውሃም ለጥጥ እንጂ ለፀጉር አይሆንም። የድሮዎቹ እንዶድ ነበራቸው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ አረፋ ይሰጣል። ቆሻሻውን ያነሳል፤ ፀጉሩን ግን አይጎዳም።

እንዶድ ላይም የሚሠራ ስህተት አለ። ሲወቅጡት ብናኙ አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ አፍዎንና አፍንጫዎን በነጠላ ይሸፍኑ። ያጠቡበትን ውሃም ዓሣ ያለበት ወንዝ ውስጥ አይድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደል ምርምራቸው የተጀመረው ከዚያ ነው። ዓሣም ከዚያ አይተርፍም።

አቧራውን ሳያራግፉ ማርጠብ። ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። መጀመሪያ ውጭ አውጥተው በዱላ ይምቱት።

ጠምዝዞ ገመድ ላይ መስቀል። ውሃ የጠጣ ባና በጣም ይከብዳል። ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጥና ቅርፁ ይጠፋል። ጠቅልለው በእጅ ይጫኑት፣ ከዚያ ንጹሕ ሣር ወይም ድንጋይ ላይ ዘርግተው ያገላብጡት። ጠዋት ይጀምሩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያልደረቀ ባና ላይ ሲያድርበት ሽታ ይፈጥራል። ሐምሌና ነሐሴማ ጨርሶ አይሞከርም። እናቴ የጥቅምትን ፀሐይ ነበር የምትጠብቀው።

አጎዛን እንደ ባና ማጠብ። ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። አጎዛ ቆዳ ነው፤ ከተነከረ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ አውጥተው በዱላ ማራገፍ በቂ ነው። ቆሻሻ ከያዘ ፀጉሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

እርጥበት እያለ ማጠፍ። ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ እጥፋቱ መሃል ግን እርጥብ ነው። የበግ ፀጉር ብዙ እርጥበት ውስጡ ይዞ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። ሻጋታም ብልም የሚወዱት ይህንኑ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያናፍሱት፣ ከዚያ አጥፈው ያስቀምጡት። በየጊዜው ደግሞ ከሳጥን እያወጡ ያራግፉት።